በሐሳብ ተለይቻለሁ

«በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብዬ ጽፌ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። እስክሪብቶዬን ዘግቼ፣ አባላቱ እየተነሡ እንዲፈርሙ መዝገቡን ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋ አደረግሁት። ቀድመው የመጡት ጋሼ ናቸው። መነጽራቸውን ከኮት ኪሳቸው አወጡ፣ በመሐረብ ጠረጉ፣ ከላይ ጀምረው ማንበብ ያዙ። በእኛ እድር ቃለ ጉባኤ አንብቦ የሚፈርም ሰው የለም፤ ሁሉም ስሙን ይፈልግና ጫር አድርጎ ወደ ቡናው ይሄዳል። እሳቸው ግን እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ሙሉ አይደለም» አሉኝ። «እኔ ጎድያለሁ።»

2011 ዓ.ም. ነበር፣ ክረምት። ጅማ ውስጥ በክረምት ቆርቆሮ ሥር መሰብሰብ ማለት ከዝናቡ ጋር መጯጯህ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ስንጮህ ቆይተን ጉሮሯችን ደርቋል፤ ደጅ ያለው ጭቃ እየወፈረ ነው፤ የጀበናው ሽታ ከወዲያ በኩል ይጠራል። አንዲት ቃል ለማስተካከል ትዕግሥት የነበረው ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አንድ ሰው ነዎት» አልኳቸው።

«አንድ ሰው ከሆንኩ እንደ አንድ ሰው ጻፈኛ!»

ጉዳዩን ልንገራችሁ። አንድ ጎረቤታችን ሞተ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በባጃጁ ትምህርት ቤት ሲያመላልስ የኖረ፣ የወር ሒሳብ የዘገየበትን ወላጅ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮ የማያውቅ ሰው ነበር። የመጨረሻውን ዓመት ታምሞ ተኛ፣ ባጃጁም ተሸጠ፣ የእድር መዋጮውም ስምንት ወር ተቋረጠ። ደንባችን ደግሞ ስድስት ወር ያልከፈለ አባል ከእድሩ ጥቅም ውጭ ነው ይላል። ታዲያ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ደንቡን ሊያነሣ የደፈረ አልነበረም። ሁሉም «ይከፈል!» አለ። አንዳንዱም እንባ እየተናነቀው። ጋሼ ብቻ ተነሡና፣ «ከኪሴ ልስጥ፣ አሁኑኑ እሰጣለሁ፤ ከእድሩ ሣጥን ግን አይወጣም። ደንቡ ካልተመቸን አሻሽለን እንክፈል። እያየነው እንዳላየን አንለፈው። ነገ የማንወደው ሰው ሲሞትብን ምን ልንል ነው?» አሉ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሆዱ ደንድኗል» ሲል ሰምቻለሁ። እሳቸውም ሳይሰሙ አይቀሩም።

በከፋ ክፍለ ሀገር ዘመን እዚሁ ጅማ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ነበሩ። ዛሬም ሲናገሩ ነጥቡና ሰረዙ ይሰማል። እኔ ላይ ቆመው፣ እንደ ድሮው የጽሕፈት መኪና ሳይሆን በእኔ ዘገምተኛ እጅ ልክ፣ እንዲህ አጻፉኝ፦

«ስሜ በተራ ቁጥር 7 የተመለከተው አባል ከአብላጫው ድምፅ በሐሳብ ተለይቻለሁ። የተለየሁበትም ምክንያት፣ ሟች ወንድማችን የስምንት ወር መዋጮ ያልከፈሉ በመሆኑ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ከእድሩ ሣጥን ሊከፈል አይገባም። ጉባኤው እንዲከፈል ከወደደ አስቀድሞ ደንቡን ያሻሽል። እስከዚያው ቤተሰቡን መርዳት ያለብን ከየኪሳችን ነው።»

«በሙሉ» የሚለውን ሰርዤ ከበላዩ «በአብላጫ» ብዬ ጻፍኩ። «ስርዙ ላይ ፈርምበት» አሉኝ፤ ፈረምኩበት። ከዚያ እሳቸው ሁለት ጊዜ ፈረሙ። አንዴ ከውሳኔው ሥር ከሌሎቻችን ጋር፣ አንዴ ከራሳቸው ሐሳብ ሥር። የመጀመሪያው ፊርማ ያኔ አልገባኝም ነበር። ያልተስማማ ሰው ለምን ይፈርማል?

በማግስቱ ድንኳን ሲተከል ጋሼ ካስማ ይዘው ነበር። የዚያኛውን ጫፍ ገመድ የሚስበው «ሆዱ ደንድኗል» ያለው ሰውዬ ነው። «ሳብ! ላላ አድርግ! አሁን እሰር!» እየተባባሉ አቆሙት።

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ያን ሰሞን እንቅልፍ ያሳጣኝ የእድሩ ገንዘብ ሳይሆን ያ ግሥ ነው፤ ተለየሁ። ለአለመስማማት ያሉንን ቃላት አንድ በአንድ እያነሣሁ ፊትና ጀርባቸውን ማየት ያዝኩ።

በጣም የምንጠቀምበት «ተጣላ» ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ሽያጭ ሐሳባቸው ካልገጠመ «ተጣሉ» ይባላል። ባልና ሚስት ልጁ የት ይማር በሚለው ካልተስማሙ «ተጣሉ»። ቃሉን ፍቱት እስኪ፦ የ«ጠላ» ልጅ ነው። አንተ ስለ ቤት ዋጋ ስታወራ ቃሉ ስለ ልብህ ፈርዶ ጨርሷል። እዚህ ጅማ አማርኛ የሚናገር ልጅ ኦሮምኛም እየሰማ ነው የሚያድገው፤ እዚያ ደግሞ ለጠብ የሚባለው «ወልዸብዴ» ነው። «ወል ዸበን» ማለት ቃል በቃል ተተጣጡ፣ አንዱ አንዱን አጣው እንደማለት ነው። እኛ ስንጠላላ እነሱ ይተጣጣሉ። የሚገርመው ለስምምነቱ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ መንገድ ነው የሄዱት፤ «ወሊ ገሉ» ውስጥ ያለው መግባት ነው፣ የእኛም «መግባባት» ከ«ገባ» ነው የወጣው። አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል፣ እንግዳ ቤት እንደሚገባው። ለጠቡ ግን የኦሮምኛውን ቃል እመርጣለሁ። የጠፋ ይፈለጋል፤ የተጠላን ማን ይፈልገዋል?

«ተከራከረ»ም አለ። ክርክር መልካም ነገር ነው ብለን ተማሪዎቻችንን መድረክ ላይ እናወጣቸዋለን። ቃሉ ግን የመጣው ከመከርከር ነው። የዶለዶመ ቢላ ሥጋ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ታውቃላችሁ፤ አይቆርጥም፣ ይከረክራል። አንዳንድ የቴሌቪዥን ክርክር ሳይ ቃሉን ያወጣው ሰው ምን አይቶ እንዳወጣው ይገባኛል።

«እምቢ» እና «አሻፈረኝ» ጉልበት አላቸው፣ ወኔ አላቸው፤ ምክንያት ግን አይጠይቁም። እምቢ ያለ ሰው «ለምን?» ቢሉት እንደገና «እምቢ» ሊል ይችላል። ይህንንም ቢሆን «እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚል ተረት እየሰማን ስላደግን በቀላሉ ከአፋችን አይወጣም። በምትኩ ያለን ኩርፊያ ነው። በሥራ ዓለም ያየሁት የአለመስማማት መልክ በአብዛኛው ኩርፊያ ነው፦ ስብሰባ ላይ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይወጣል፣ ኮሪደር ላይ ፊቱን ያዞራል፣ የተወሰነውን ሥራ ቀስ እያለ ይገድለዋል። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ይላል፤ የቢሮው አየር ግን ሌላ ነው የሚለው።

«ተቃወመ» የተከበረ ቃል ነበር። ሥሩ መቆም ነው፤ ፊት ለፊት ተያይቶ መቆም። ከአብዮቱ ወዲህ ግን ብዙ መከራ አሳልፏል። አንድ ዘመን ሐሳቡ የተለየ ሰው «አንጃ» ነበር፤ ከዚያም ባለፈ «ፀረ አብዮት»፤ በዚያ ስም የተጠራ ሰው ምን እንደገጠመው የየቤቱ ፎቶግራፍ ይናገራል። በኋላ ተቃዋሚ ፓርቲ የሚባል በሕግ ተፈቀደ፤ ስሙ ግን እንደ ስድብ መሰማቱ አልቀረም። በ2010 ዓ.ም. ከእኛው ጅማ ዞን ከበሻሻ የተወለዱት ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ሲይዙ ቃሉ «ተፎካካሪ» በሚል ተተካ። ሐሳቡ ጠላት አይደላችሁም ለማለት ነው፣ ይገባኛል። እንደ ቋንቋ አስተማሪ ግን ያችን ቀን ትንሽ ሳቅ አምልጦኛል፦ ተፎካከረ የፉከራ ዘመድ ነው። ቆሞ ከመተያየት ተነሥተን ጎራዴ እየነቀነቅን ወደ መፎከር ሄድን ማለት ነው።

«ልዩነት» ስሙስ? እሱን ደግሞ ባነር ወስዶታል። በየዓመቱ ኅዳር 29 ሲደርስ «ልዩነታችን ውበታችን» ተብሎ ይሰቀላል፤ ከሥሩ የሚታየው ልዩነት የአለባበስና የጭፈራ ነው። የሐሳብ ልዩነትን ውበት የሚል ባነር እስካሁን አላየሁም።

ይሄ ሁሉ ሲታይ «ተለየ» ራሱ ለዚህ ሥራ የሚመረጥ ቃል አይመስልም። በጣም የሚያሳዝን ቃል ነው እኮ። ሰው ሲሞት «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» እንላለን። እናቶች ሲመርቁ «እግዜር አይለያችሁ» ይላሉ። አእምሮው ለተናወጠ ሰው «ለየለት» ይባላል። እንግዲህ የችሎት ሰዎች ይህን የመለያየት ግሥ አንሥተው «በሐሳብ» የምትል አንዲት ቃል ከፊቱ አደረጉለት፣ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። በሞት ሳይሆን፣ በአካል ሳይሆን፣ በሐሳብ። ወንበሬን ሳልለቅ፣ ከጎናችሁ ተቀምጬ፣ በዚህች ጉዳይ ብቻ። የ«ለየ»ም ሌላ ፊቱ ወጣ፤ ስንዴን ከእንክርዳድ መለየት፣ መርጦ ማየት።

ይህ የጋሼ ፈጠራ አይደለም፤ የፍርድ ቤቶቻችን የዘወትር አነጋገር ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመው ይወጣሉ፤ ገለጥ ገለጥ ያደረገ ሰው ከአንዳንዱ ፍርድ ግርጌ «የሐሳብ ልዩነት» የሚል ርእስ ያገኛል። አምስት ዳኞች ተሰይመው ሦስቱ ወይም አራቱ ወዲህ ሲሉ፣ የቀሩት «እኔ ስሜ በተራ ቁጥር እንዲህ የተመለከተው ዳኛ» ብለው ይጀምራሉ። ስሜት የለበትም። ስድብ የለበትም። ከዚያ ምክንያት፣ ምክንያት፣ ምክንያት። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ሰበር ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ አደረገ፤ በዚያው ትንፋሽ ችሎቱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችልም ተናገረ። «የተለየ» የምትለዋ እዚህም አለች። ዛሬ ከግርጌ የተጻፈው ነገ ወደ ላይ ሊወጣ በሩ አልተዘጋበትም።

ከድሮውም ቢሆን ባዳ አይደለንም። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በነጠላቸው ጫፍ ይቆራኙ ነበር፤ ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው የዚያ ቅሪት ነው። አስቡት፣ በነገር የተለያዩ ሁለት ሰዎች ጨርቅ ለጨርቅ ተቋጥረው አንድ መንገድ ሲሄዱ፣ አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው ሲጎተት። በዙፋን ችሎትም ዳኝነት የሚሰጠው ከዝቅተኛው ባለ ማዕረግ ተጀምሮ ነበር፤ ንጉሡ መጨረሻ ላይ። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ምን ሊል ነው? (ይህን ለእድራችን ዳኛ አንድ ቀን ሐሳብ አድርጌ አቅርቤው ነበር። «ጊዜ ይፈጃል» ብለው ቀድመው ተናገሩና ሁላችንም ተስማማን።)

የቤተ ክህነቱ ትርጓሜም «አንድም» በምትለው ቃል የቆመ ነው። አንዱን ፍቺ ይሰጥና «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል፤ ፊተኛውን አፍርሶ አይደለም፣ አጠገቡ አስቀምጦ። የላይ ቤትና የታች ቤት መምህራን የተለያዩበትን ቃል ተማሪው ሁለቱንም ያጠናል። የእስልምናውን ደግሞ የነገሩኝ ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው። ያን ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ድምፃቸውም ከአብላጫው ጋር ነበር። ከአዌቱ ድልድይ ወዲህ አብረን ስንሄድ ሰዎች ጋሼን ሲያሙ ሰምተው፣ «ተዉ እንጂ፣ ይሄ ኺላፍ ነው፣ ጠብ አይደለም» አሉ።

ቃሉን ከዚያ በፊት መስጊድ አካባቢ ስሰማ ትርጉሙን «ችግር» ይመስለኝ ነበር። ሐጂ አስረዱኝ። አራቱ መዝሀቦች (የሸሪዓ ሕግ ትምህርት ቤቶች)፣ ሐነፊው፣ ማሊኪው፣ ሻፊዒው፣ ሐንበሊው፣ በብዙ ዝርዝር ይለያያሉ፤ ዑለሞች «ኺላፍ ያለበት ጉዳይ ነው» ካሉ ትርጉሙ በማስረጃ የተለያዩበት ነው፣ ሌላውን ከሃይማኖት አያስወጡበትም ማለት ነው። ሲነገር የኖረ ታሪክም አወሩኝ፦ ኢማሙ ሻፊዒ በሱብሒ፣ በንጋቱ ሶላት ላይ፣ ቁኑት የሚባለው ዱዓ ይደረጋል የሚሉ ናቸው። አንድ ቀን ግን በሱብሒ ቁኑት የማያደርጉት የኢማሙ አቡ ሐኒፋ መቃብር አጠገብ ሲሰግዱ ተዉት ይባላል፤ ለባለ መቃብሩ አደብ ብለው። «ሐሳባቸውን ቀይረው ነው?» አልኳቸው። ሐጂ ቆም አሉ። «አልቀየሩም። እንግድነታቸውን አወቁ።»

ይህን ሁሉ እያሰብኩም ቢሆን በ2011ዱ ጉዳይ ልቤ ከአብላጫው አልወጣም። ዛሬም አልወጣም። የታመመ ሰው መዋጮ ስላቋረጠ እድሩ ፊቱን ካዞረበት እድር መባሉ ለምኑ ነው? ጋሼ ደንብ አከበሩ፤ እኔ ግን ደንቡ የተጻፈው ሰንፎ ለማይከፍለው እንጂ አልጋ ላይ ላለ ሰው አይደለም ባይ ነኝ። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። «በደንብ ይዘኸዋል፤ ያን ቀን ብትናገረው ኖሮ የአብላጫው ውሳኔ ምክንያት ይኖረው ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ምክንያት የእሳቸው ብቻ ነው፤ እኛ ሠላሳ ሰዎች «ይከፈል» ከማለት በቀር ለምን እንደሚከፈል አላጻፍንም።

በ2014 ሌላ ሰው ሞተ። ስለ ሟች ክፉ አይወራም፤ ስለዚህ ከጎረቤት ጋር በአጥር፣ ከቀበሌ ጋር በውኃ፣ ከእድሩ ጋር በወንበር ኪራይ ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ነበር ብዬ ልለፈው። ሰባት ወር አልከፈለም። እሱም ታሞ ነበር፣ ግን ሊጠይቀው የሄደ ብዙ ስላልነበረ መታመሙን ያወቀ ጥቂት ነው። ጉባኤው ተቀመጠ። ሦስት ዓመት ቀድመው «ይከፈል!» ያሉት አፎች አሁን «ደንብ ደንብ ነው» አሉ። እንዲያውም አንዱ ተነሥቶ «ጋሼ ያኔ ተናግረው ነበር! ትክክል ነበሩ! እንደሳቸው ሐሳብ ይወሰን!» አለ። ሁሉም ዞሮ አያቸው። ከቤታቸው ይዘዋት በሚመጧት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወለላችን ስለሚጎረብጥ የፕላስቲክ ወንበር ይወላገዳል፣ ሦስት እግር ግን የትም ይቆማል ይላሉ።

እኔ እንደማንኛውም ሰው የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ «ትክክል ነበርክ» ይባላል?

«የ2011ዱን መዝገብ አምጣ» አሉኝ። አመጣሁ። የእሳቸውን ሐሳብ ፈልጌ ማንበብ ስጀምር እጃቸውን አነሡ። «የእኔን አይደለም። የአብላጫውን አንብብ።»

አነበብኩ። ሁለት መስመር ናት።

«ያን ቀን ተሸንፌያለሁ» አሉ። «የተሸነፍኩበት ውሳኔ ግን የእኔም ውሳኔ ነው፤ ይኸው ፊርማዬ። ደንቡን አሻሽሉ ብያችሁ አላሻሻላችሁም፣ ታሞ መዋጮ ላቋረጠ ሰው ከፈላችሁ። እንግዲያው ይሄም ሰው ታሟል። ለወደድነው ከፍለን ለዚህ ልንከለክል ነው? እኔ ይከፈል ባይ ነኝ።»

ዝም ተባለ። ሐጂ በለሆሳስ «አላሁ አክበር» ሲሉ ሰማሁ። «ትክክል ነበሩ» ያለው ሰውዬ ግራ ገባው፤ የደገፋቸው መስሎት ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ያሸነፋቸውን ውሳኔ ደግፈው ቆሙ። ተከፈለ። በዚያው ቀን በሕመም ምክንያት መዋጮ ያቋረጠ አባል አይሰረዝም የሚል አንቀጽ በደንቡ ገባ። እንዲያ ነው ያ የመጀመሪያው ፊርማ፣ ሦስት ዓመት ዘግይቶ፣ የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ሰፈራችን ውስጥ ፋሽን ሆነ። ሕፃን ልጅ እናቱ ለእንጀራ ስትልከው «በሐሳብ ተለይቻለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለፈው ዓመት ደግሞ እድሩ የድምፅ ማጉያ ይግዛ አይግዛ ሲባል አንድ ወጣት አባል ተነሣና፣ «በሐሳብ ተለይቻለሁ ብለህ ጻፍልኝ» ብሎኝ ጃኬቱን ማንጠልጠል ጀመረ።

«ቆይ» አሉት ጋሼ። «ምክንያትህን ሳትነግረው ወዴት?»

«ምክንያትማ፣ ያው አልተስማማሁም ነው ጋሼ።»

«አለመስማማትህን ጽፎልሃል። ለምን?»

ልጁ አሰበ። ጣራውን አየ። ከልቡ እንደፈለገ እመሰክርለታለሁ። «አሁን አልመጣልኝም» አለ በመጨረሻ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ቦታ ተውለት።»

ተውኩለት። ባለፈው ወር ሌላ ነገር ፍለጋ መዝገቡን ስገልጥ ገጹ ላይ ደረስኩ። «የተለየሁበትም ምክንያት» ይላል፣ ከዚያ ሦስት መስመር ባዶ፣ ከዚያ የልጁ ፊርማ።